የመንኮራኩር ልብስ

ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ስንሄድ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳና ሁላችንም ወረድን። ጎማው እስኪቀየር አንድ ጎረምሳ ተሳፋሪውን ሰብስቦ ያስተምራል።

«ጎማ በእንግሊዝኛ ‹ታየር› አይደል? ‹አታየር› ከሚለው ነው የመጣው፤ ልብስ ማለት ነው። የመንኮራኩር ልብስ! እንግሊዝና አሜሪካ ግን እስከ ዛሬ አጻጻፉ ላይ አልተስማሙም።»

«ተባረክ! አንተን የወለደች እናት ታድላ!» አሉ አንዲት እናት።

ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁት እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ቅናት አንገበገበኝ። እውነቱን መናገሩን እያወቅሁ፣

«ውሸት ነው! የትኛው ደንቆሮ ነው ይህን ያስተማረህ?» ብዬ ጮህኩበት።

ልጁ ትክ ብሎ አየኝና ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳኝ።

«ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንቱ ነዎት ቲቸር።»