እያጨስን ነው ያለው ሰው

አምቤ ታሲክ ዛሬ የማንንም ቦርሳ አይፈትሽም። ድሮ ግን የመንገዱ ፈታሽ እሱ ነበር፤ ማንም ሳይሾመው የተሾመ።

አምቤ ማለት አባት ነው፤ ታሲክ የበኩር ልጁ ናት። እኛ ጋ ሰው ልጅ ሲወልድ የገዛ ስሙ ይቀርና በልጁ ስም ይጠራል። የድሮ ስሙን ከአብሮ አደጎቹ በቀር የሚያውቀው የለም። እኔ አብሮ አደጉ ነኝ፤ ግን አልናገረውም።

ምግብ ቤት አለችኝ። ምግብ ቤት ስላት አክብሬያት ነው እንጂ አራት ቋሚ ላይ የተወረወረች ቆርቆሮ ናት። ከቆላው ወደ ተራራው በሚወጣው መንገድ አጋማሽ ላይ፣ ካራንጋን መዞሪያ፣ ሩዝና የደረቀ ዓሣ፣ ካስፈለገም ኢንዶሚ በእንቁላል አቀርባለሁ። ሞተረኛ ሁሉ እኔ ጋ ሳይቆም አያልፍም፤ ያለፈ እንደሆነ ሲመለስ ምላሴን ያገኘዋል። መንገዱ መንገድ የሚባለው በበጋ ነው። ዝናብ ሲገባ ጭቃው ጉልበት ይውጣል፣ ድልድዩን ጎርፍ ይወስደዋል፣ መኪና የሚባል ነገር ዝር አይልም። ሩዙንም፣ ካካዎውንም፣ ሙሽራውንም፣ ሬሳውንም የሚያመላልሱት እነዚህ ሞተረኞች ናቸው። ሱላዌሲ ትልቅ ደሴት ነው ይላሉ፤ ለእኛ ግን ይህ መንገድ ነው፣ ሌላውን አናውቀውም።

ሞተር የሚያክም ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እንደ አምቤ ታሲክ ያለ ግን አላየሁም። ወንዝ መሃል ወድቆ ውሃ የጠጣ ሞተር ሲያገኝ፣ ባለቤቱ ደረቱን ሲደቃ እሱ ይስቃል። ይገለብጠዋል፣ ካንዴላውን ይነቅላል፣ ውሃውን ተፍቶ እስኪጨርስ ማስነሻውን ይረግጣል፣ ካንዴላውን በሸሚዙ ጫፍ አድርቆ ይመልሰዋል። ጎማ ፈንድቶ ትርፍ ካላማዳሪያ ከጠፋ ሳር አጭዶ ጎማው ውስጥ ይጠቀጥቅና «በል ንዳ፣ ሞተርህ ዛሬ ላም ሆናለች» ይላል። የሞተር ሆድ ድንጋይ ገጭቶ ዘይት ሲያንጠባጥብ በእርጥብ ሳሙናና በጨርቅ ይደፍነዋል። «ሞተር ይታመማል እንጂ አይሞትም» ነበር አባባሉ። ችሎታው እውነት ነበር። ክፋቱ፣ እሱም ማወቁን ያውቅ ነበር።

መንገዱ የራሱ ሕግ አለው። የቆመ ሞተር አይታለፍም፤ ባለቤቱ ደመኛህ ቢሆንም እንኳ ፍሬን ይዘህ «ምን ጎደለ?» ትላለህ። የቆመው ሰው የጎደለውን ይናገራል፤ ካንዴላ ይሁን፣ ሽቦ ይሁን፣ ጉልበት ይሁን፣ ያለህን ትሰጣለህ። ምንም ያልጎደለው እንደሆነ «እያጨስን ነው» ይልሃል፣ አንተም መንገድህን ትቀጥላለህ። ደግሞ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሰውየውን ውሸታም እንደማለት ነው።

አምቤ ታሲክ በዚህ ላይ የራሱን ጨመረበት። እኔ ጋ ለምሳ ሲሰበሰቡ የእያንዳንዱን ቦርሳ ይበረብራል። ትርፍ የካቴና መጋጠሚያ ሳይዝ የወጣ ሞተረኛ ከተገኘ፣ ዘይት የጠጣ አሮጌ ካቴና አንገቱ ላይ ይጠለቅለታል፤ ምሳ ተበልቶ እስኪነሳ አያወልቃትም። መጋጠሚያ ማለት የጣት ጥፍር የምታክል ብረት ናት፤ እሷ ከሌለች ግን የተበጠሰ ካቴና አይቀጠልም፣ ሞተሩም ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ቅጣቱ ተገቢ ነው ይል ነበር፣ እኛም ተገቢ ነው እንል ነበር፤ ዋናው ግን ሳቁ ነው።

የመጨረሻው ተቀጪ ሉካስ ነበር። ወጣት ነው፣ ልታይ ልታይ ማለት ይወዳል። የዚያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በነጭ ሸሚዝ በቀጥታ መጣ።

«አምቤ፣ ዛሬን ይማሩኝ! ሸሚዙ አዲስ ነው!»

«ሸሚዝህን ከምትገዛ መጋጠሚያ አትገዛም ነበር? ና፣ አንገትህን ወዲህ በል። ይቺ ካቴና አንተን ስትጠብቅ ዛገች እኮ!»

ሰው ሁሉ ጠረጴዛ እየደበደበ ሳቀ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ፣ ዓሣውም አረረብኝ። ሉካስ ጥቁር ዘይት ደረቱ ላይ እየወረደ ሩዙን በላ፤ ፈገግ ብሎ ነበር፣ ጆሮው ግን ቀልቷል። ያ ዘይት ታጥቦ አልለቀቀም።

የአምቤ ታሲክን ቦርሳ ያየ አልነበረም። ፈታሹን ማን ይፈትሸዋል? የእሱ ትርፍ መጋጠሚያ ከዝናቡ በፊት ካቴናው ላይ ገብታ አልቃለች። ነገ እገዛለሁ፣ ከነገ ወዲያ እገዛለሁ ሲል ረሳው።

ናኦሚን ምጥ የያዛት በዚያው ሳምንት ነው። ናኦሚ ከላይ፣ ሎንጋ መንደር፣ የኤስራ ሚስት ናት፤ የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ልጁ በእግሩ መምጣቱን የመንደሩ ሴቶች በእጃቸው ሲያውቁ ኤስራ ስልክ የሚሠራበት ኮረብታ ድረስ ሮጠ፤ ቆላ ጤና ጣቢያ ላለችው አዋላጅ፣ ለሲስተር ሬኒ፣ ደወለ። «አምቤ ታሲክ ያምጣሽ፤ ሌላ ሰው አልፈልግም» አላት። ሲስተርም የፈለገችው እሱኑ ነበር።

ጠዋት በእኔ በር ሲያልፉ አየኋቸው። አልቆሙም፣ እጁን ብቻ አነሳልኝ፤ ሲስተር ከኋላው ቦርሳዋን አቅፋለች። የምጥ ጥሪ መሆኑን ገብቶኝ መንገዱን ቀና ያድርግላችሁ አልኩ።

ካቴናው የተበጠሰው ከእኔ ጋ ብዙም ሳይርቁ፣ አቀበቱ ላይ ነው። አምቤ ታሲክ ወረደና ቦርሳውን ፈታ። ፒንሳ አለ፣ ሽቦ አለ፣ ሳሙና አለ፣ መጋጠሚያ የለም። ቦርሳውን ሣሩ ላይ ገለበጠው፤ ይህን የነገረችኝ ሲስተር ናት። ደጋግሞ ያንኑ ኪስ ይዳብስ ነበር አለችኝ፤ ትኖር ይሆን ብሎ ሳይሆን የሚገባበት የጠፋው ሰው እንደሚያደርገው። ከዚያ «ምንም አይደል፣ በሽቦ አስራታለሁ» አላት። በሽቦ አሰራት፣ ጥቂት ተንቀሳቅሰው ተበጠሰች። እንደገና አሰራት፣ እንደገና ተበጠሰች። ሽቦ ካቴና መሆን እንደማይችል እሱ ራሱ ስንቱን ያስተማረ ሰው ነው።

የሞተር ድምፅ ከላይ ሲሰማ ሲስተር «ተመስገን!» ብላ ተነሳች። ሉካስ ነበር፤ ከሌላ መንደር ካካዎ ጭኖ እየወረደ ነው።

አምቤ ታሲክ በኋላ እንደነገረኝ፣ ከሩቅ ሲያየው መጀመሪያ ትዝ ያለው ሰውየው አይደለም፣ ሸሚዙ ነው። በዚያች ቅጽበት ሰውነቴ ሁሉ ፊት የሆነ ይመስል ጋለብኝ አለኝ። ካቴናውን በእግሩ ሣር ውስጥ ገፋው፤ ራሱም ሞተሩን ጋርዶ ቆመ።

ሉካስ ፍሬን ያዘ። «አምቤ፣ ምን ጎደለ?»

«ምንም። እያጨስን ነው።»

ሉካስ አየው፣ ሲስተርን አየ፣ ከዚያ ጥርሱን ብልጭ አደረገ። «ሲጋራው የታለ ታዲያ?»

«ጨርሰነዋል።»

«ሲስተር ምነው፣ ክትባት ነው?»

«ምጥ ነው» አለች ሲስተር። «ሎንጋ፣ የኤስራ ሚስት።»

የሉካስ ፊት ተለወጠ። «እንዴ! ታዲያ እኔ ልውሰዳት? ጭነቱን እዚሁ አራግፈዋለሁ።»

«ከእኔ ልትፈጥን?» አለ አምቤ ታሲክ። «በቀደም ካቴና አንገቱ ላይ የተጠለቀለት ሰው ዛሬ ሊያስተምረኝ ነው? ካካዎህን ይዘህ ሂድ፣ ልጅ። እያጨስን ነው አልኩህ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሉካስ ሦስተኛ ጊዜ ሊጠይቅ አይችልም፤ ነውር ነው፣ ያውም ትልቅ ሰውን። ሲስተር ደግሞ የወንዶች ፉክክር መሰላት፤ እንደ አምቤ ታሲክ ሞተር የሚያውቅ የለምና በሽቦውም ቢሆን አሁን ያስኬዳታል ብላ አመነችው። ሉካስ ቁልቁል ነዳ። ኪሱ ውስጥ ሁለት መጋጠሚያ ነበረው፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ ሁለት ሁለት መያዝ ጀምሯል።

እኔ ጋ ሲደርስ «አምቤ ታሲክ ሲስተርን ይዞ እያጨሰ ነው» አለኝ። «አሁን? ምጥ እየጠራው?» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። ሁለታችንም ነገሩ አልጣመንም፣ ሁለታችንም ዝም አልን። ይሉኝታ የእሱ ብቻ አልነበረም።

ሽቦው አለቀ። በመጨረሻ ሞተሩን መንገድ ዳር ጥለው በእግር ወጡ። የሲስተርን ቦርሳ በአናቱ ተሸከመ፤ ወንዙን ሲሻገሩ እሷን ራሷን አዘላት። ሮጠ ማለት ይቻላል፣ በዚያ ዕድሜው፣ ባዶ ሆዱን። መንገድ ላይ ሌላ ሞተረኛ አላገኙም። ሎንጋ ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ልጁ እስከ ትከሻው ወጥቶ ጭንቅላቱ ቀርቷል፤ ከሞተ ትንሽ ቆይቷል አሉ። ናኦሚ ደሟ እየፈሰሰ ነበር። ሲስተር ሬኒ እጇን አስገብታ ልጁን አወጣች፣ ደሙን አቆመች፣ እናትየውን ከሞት አፍ መለሰቻት። ቀደም ብላ ብትደርስ ልጁ ይተርፍ እንደሆነ ጠይቄያታለሁ። «እንደዚህ ያሉ ሕፃናት አውጥቼ አውቃለሁ» ብቻ አለችኝ።

በማግስቱ ቀበርን። ወንድ ነበር። ኤስራ ስም አዘጋጅቶለት ነበር፤ እኛም ኤስራን በዚያ ስም አምቤ እያልን ከወዲሁ መጥራት ጀምረን ነበር። የዚያን ቀን ሁሉም ተጠንቅቆ ኤስራ አለው። ምግቡን እኔ ነበርኩ የምሠራው። ወንዶቹ እንደ ልማዳችን በረጃጅም ቋሚዎች ላይ ከተሠራው ከኤስራ ቤት ወለል ሥር፣ በቋሚዎቹ መሃል፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሉካስም መጥቷል፤ ሲስተር በእግር መግባቷን እዚያው ሰማ። ሲሰማ አምቤ ታሲክን ቀና ብሎ አየው፣ ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሊናገር ይችል ነበር፤ ሸሚዙ ላይ የተደረገውን ሊመልስ ቀኑ የእሱ ነበር። አልተናገረም።

የመንደሩ ሽማግሌ ተነስቶ አመሰገነ። «ሞተሩ ቢከዳው እግሩ አልከዳውም» አለ። «ሲስተርን በጀርባው አዝሎ ባያመጣት ኖሮ ዛሬ ሁለት ሬሳ ነበር የምንቀብረው።» ሰዎች እሰይ አሉ። ኤስራ ራሱ ሩዝና ሥጋ በሳህን ይዞ መጣና ከሁሉ አስቀድሞ አምቤ ታሲክ ፊት አኖረ። ሁለት እጁን ይዞ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አምቤ። ናኦሚን ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት» አለው።

ብዙ ሰው ሲያፍር አይቻለሁ፤ ፊቱ ይቀላል፣ ይስቃል፣ ይሸሻል። ይህ ግን ከዚያ ሌላ ነበር። አምቤ ታሲክ ሳህኑን እያየ ተሸማቀቀ፤ ትልቁ ሰውዬ በልብሱ ውስጥ ያነሰ መሰለኝ። ዝም ቢል ያልፍለት ነበር፤ ሲስተር ሽቦው ይይዛል ብሎ ያሰበ መስሏት ነበር፣ ሉካስም ሊሸፍንለት ቆርጧል። ምስጋናው ግን አላስቀመጠውም።

«አታመስግነኝ» አለ። ድምፁ ስለማይሰማ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ተጠጋ። «መጋጠሚያ አልነበረኝም። ሉካስ ደርሶብን ነበር። ምን ጎደለ ብሎ ጠየቀኝ። ልውሰዳት ብሎም ለመነኝ። እያጨስን ነው አልኩት።»

ሉካስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ማማሰያ ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ፤ አባትየው ዛሬ ይገድለዋል ብዬ ነበር፣ እውነቴን ነው። ኤስራ ግን ቁጢጥ ብሎ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። አልጮኸም፤ ማክበሩንም አልተወም።

«ለሉካስ ቢነግሩት ኖሮ ይስቅብዎት ነበር?»

«አዎ።»

«ሌሎቹም?»

«ሁሉም። ካቴናውን አንገቴ ላይ ያደርጉልኝ ነበር።»

«እስከ መቼ?»

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እሱ እስኪናገረው ግን ጠበቅን።

«ምሳ እስኪበላ» አለ።

«አንድ ምሳ» አለ ኤስራ።

ተነስቶ ናኦሚ ወደ ተኛችበት፣ ወደ ላይ ወጣ።