የኮረሪማው ሚዛን

መምህር ወልደሥላሴ ፊዚክስን የተማሩት ብዙ እጅ ያለፈባቸውን፣ ሽፋናቸው የተላጠ መጻሕፍት አንብበው ነው። ቦንጋ ተመድበው ከመጡ በኋላም ዐረፍተ ነገሮቹን እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወጧቸው ነበር። ከሁሉ የሚወዱት የኒውትሪኖን ነገር ነው። ትምህርቱ ቀደም ብሎ ካለቀ ለዐሥረኛ ክፍሎች ያወጉላቸዋል።

«ከፀሐይ የሚመጣ ብናኝ ነው። አሁን በመዳፋችሁ ውስጥ እልፍ አእላፉ እያለፈ ነው፤ አንዱም አይነካችሁ። መጠነ ቁስ፣ በገበያ ቋንቋ ክብደት፣ የለውም። ሌሎቹ የቁስ ብናኞች እንደ እጅ ግራና ቀኝ ጥንድ ናቸው፤ ክብደት የሚያገኙትም በጥንድነታቸው ነው። የኒውትሪኖ ግን የተገኘው ግራው ብቻ ነው። ቀኝ የለ፣ ክብደት የለ።»

በ1995 ሚያዝያ ላይ ፀጋ እጇን አወጣች። ከገጠር፣ ከደካ መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር ዝምተኛ ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ወንድሜ ከጅማ ያመጣው መጽሔት ክብደት አለው ይላል። ቀኙ ያልታየው በጣም ከባድ ስለሆነ ይሆናል አሉ። የአባቴ የኮረሪማ ሚዛንም አንዱ ወገን ሲከብድ ሌላው ቀልሎ ሽቅብ ነው የሚሄደው።»

ነገሩ ደስ አላቸው፤ ግን ጠመኔ ይዘው ቆመዋል፣ ክፍሉም እያያቸው ነው።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ፊዚክስ ነው፤ የደካ ገበያ አይደለም።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ኮረሪማ» ሆነ። እሳቸውም እየሰሙ አልከለከሉም።

ክረምቱን ጅማ ለመምህራን ኮርስ ሄዱ። የኮርሱ ወጣት አስተማሪ ሰሌዳው ላይ ሚዛን ሣለ። ኒውትሪኖ ክብደት እንዳለው ተረጋግጧል፣ የሚዛኑ ሐሳብ ግን ገና ግምት ነው አለ። የወልደሥላሴ እጅ ደብተሩ ላይ ቀረ።

አጠገባቸው የተቀመጠው መምህር አምባው፣ «ጋሼ፣ አይጽፉም እንዴ? ለፈተና ይመጣል» አላቸው።

«አውቀዋለሁ።»

«ማን አስተምሮዎት?»

«አንዲት ልጅ» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

መስከረም ላይ ፀጋን ከተፈጥሮ ሳይንስ ክፍሎች አጧት። ሶሻል መርጣለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። በማግስቱ የጂኦግራፊ መምህሩን አስፈቅደው ክፍሏ ገቡና፣ «አምና ያስተማርኳችሁ ስሕተት ነው፤ ልክ የነበረችው ፀጋ ናት» አሉ።

«ኮረሪማ ማለትዎ ነው?» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ ሳቀ።

«ስሟ ፀጋ ነው» አሉ፤ ከሳቁ የተነሣ ግን የሰማቸው የለም።

በዕረፍት ሰዓት በረንዳው ላይ አገኟት።

«ዳይሬክተሩን ላናግርልሽ። መዛወር ይቻላል።»

«ይተዉት ቲቸር። ጂኦግራፊም አይከፋም» አለችና ፈገግ አለች። «ቀኙን ግን አገኙት?»

«ገና ነው፤ እየፈለጉት ነው።»

«ሲያገኙት ይንገሩኝ።»

ሊመልሱላት አፋቸውን ሲከፍቱ ከሜዳው ጓደኛዋ ተጣራች፤ «ኮረሪማ! ነይ እንጂ።»

«መጣሁ» አለች፤ እናቷ ያወጣችላት ስም እንደሆነ ሁሉ።