ሥራ ፈት የተባሉት አበቦች

ረቡዕ መጋቢት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ጁባ፣ ሙኑኪ። አምስተኛው የዱባ ፍሬ አውራ ጣት እንኳ ሳያክል ቢጫ ሆኖ ወደቀ።

ይህን የጻፍኩት ተኩስና መግለጫ በምመዘግብበት የጋዜጠኝነት ደብተሬ ላይ ነው። ከታኅሣሡ ውጊያ ወዲህ እንቅልፌ የተቆራረጠ ነበር። ጎህ ሲቀድ ለብሼ፣ ስልኬን በእጄ ይዤ፣ የምሄድበት ሳይኖረኝ ግቢ ውስጥ እመላለሳለሁ። የተከራየሁት ክፍል ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ምግብ ቤት ጀርባ ነው። ዱባውም የእሷ ነበር።

የዱባዋን ዘር ከትውልድ መንደሯ ነው ያመጣችው። ሲቀቀል ውሃ የማያወጣ፣ እንደ ድንች የሚፈረፈር ዓይነት ነው። በጾም ሰሞን ለዱባ ወጧ ሲሉ ከኒምራ ታላታ ሰፈር ድረስ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። በታኅሣሥ ቤቷን ዘግታ ከርማ ስትመለስ ማከማቻው ባዶ ነበር፤ ለዘር ያስቀመጠቻቸው ዱባዎችም የሉም። አንድ ቆርቆሮ ውስጥ የተረሳ እፍኝ ዘር አገኘችና ሁሉንም ተከለችው። ሦስት ሐረግ ብቻ በቀለ።

ወንድሟ ኒምራ ታላታ ሱቅ አለው። በሳምንት ሁለት ጊዜ እየመጣ ይነዘንዛታል።

«ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት መኪና አግኝቼልሻለሁ። ትወጫለሽ።»

«ዘር ሳልይዝ አልወጣም።»

«ለዱባ ብለሽ ልትሞቺ ነው?»

«ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ሞቷል» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ዱባ ከአበባው እስከ መብሰሉ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ከመኪናው ቀን ወደ ኋላ ስቆጥር አንድ ሳምንት እንኳ አልቀራትም።

ያን ረቡዕ፣ ንብ ካልመጣ አበባ ፍሬ እንደማይዝ ስለማውቅ፣ «ንቦቹን ተኩሱ አባሯቸው ነው» አልኳት። ምንጭ የሌለው ወሬ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ አልጽፈውም። ስለዚህ ሐሙስና ዓርብ ጠዋት የቢራ ሳጥን ገልብጬ ከሐረጉ አጠገብ ተቀመጥኩ። በመንገዱ ላይ ጎማ በፈነዳ ቁጥር እየተነሣሁ፣ መልሼ እየተቀመጥኩ ቆጠርኩ። ንቦቹ መጡ። አንዷ አበባ ውስጥ ብቻ በአንድ ሰዓት ዘጠኝ ገቡ። ግን ሲወጡ ሰውነታቸው ላይ ቅንጣት ቢጫ ዱቄት አልነበረም። የተከፈቱት አበቦች በሙሉ ከሥራቸው ትንሽ ክብ ፍሬ አላቸው። ፍሬ የሌለው አበባ ከሐረጉ ላይ አንድም አላየሁም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምክንያቱን በሳፋ ውስጥ አገኘሁት። የምግብ ቤቱ ባለቤት ጎንበስ ብላ ቀጭን አገዳ ያላቸውን እንቡጦች እየቀጠፈች ሳፋው ውስጥ ትጥላለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሥራ ፈቶቹን እየለቀምኩ። እያቸው፣ ፍሬ የላቸውም። በቦቴ የሚመጣውን ውሃ ጠጥተው ማበብ ብቻ! ጎረቤቴ በለውዝ ትሠራቸዋለች።»

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ «ርክበ ብናኝ ምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ «የአበባ ብናኝ ከወንዴ አካል ወደ ሴቴ አካል መተላለፍ» ብዬ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ቃሉን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይዤው ስዞር ነገሩን አንድም ቀን ቆሜ አላየሁትም ነበር።

«ወንዶቹን ነው የለቀምሻቸው» አልኳት።

ዱባ ሁለት ዓይነት አበባ እንደሚያወጣ ነገርኳት። ባለ ቀጭን አገዳው ብናኙን ይሰጣል፤ ንብ ተሸክማ ታደርሳለች፤ ካልደረሰላት ሴቴዋ ፍሬዋን ትጥላለች። ሐብሐቡም እንዲሁ ነው። ማንጎውን ደግሞ ከምግብ ቤቷ የምታባርራቸው ዝንቦች ሳይቀሩ ያገለግሉታል።

«ባሎቻቸውን ወጥ አሠርቼባቸዋለሁ በለኛ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ።

ጎረቤቲቱ የዕለቱን እንቡጥ ልትወስድ መጣች። ኢትዮጵያ ውስጥ በስደት ያደገች ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ነገሩን ስትሰማ «ማለሽ፣ ይቅርታ» አለች። «ግን ይጣፍጡ ነበር።»

ሐረጎቹን ሦስታችን ቅጠል በቅጠል ገልጠን አየን። እሑድ የምትከፈት አንዲት ሴቴ እንቡጥ ቀርታለች። ወንዴ የለም።

«ከድልድዩ ማዶ፣ ሸሪካት፣ አክስቴ ዱባ አላት» አለች ጎረቤቲቱ። «ጋሼ፣ ቦዳቦዳ ትፈራለህ?»

እሑድ በሞተር ሳይክሉ ላይ ከነጂው ጋር ሦስት ሆነን ድልድዩን ተሻገርን። አክስትየው ግቢ ውስጥ የተከፈቱ ሁለት ወንዴ አበቦችን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን በፌስታል ያዝን። አበባው ረፋዱ ላይ ይዘጋል። ስንመለስ ድልድዩ ላይ አንድ ወታደር አስቆመን። ጎረቤቲቱ ሳትጠየቅ መታወቂያዋን አወጣች። ወታደሩ አላየውም።

«ገቢላ ሹኑ?» አላት። ጎሳሽ ምንድን ነው ማለት ነው።

ፌስታሉን ከፍ አደረገችና «ገራ» አለችው። ዱባ ማለቷ ነው።

ወታደሩ ፌስታሉን ከፍቶ ተመለከተ፤ ሳቀ፤ በእጁ እለፉ አለ። ድልድዩን እስክንጨርስ ትከሻዬን አጥብቃ ይዛ ነበር። እኔም ዞር ብዬ አላየሁም።

ሙኑኪ ስንደርስ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሴቴዋ ክፍት ናት። የወንዴውን ቅጠሎች ላጥኩና በቢጫ ዱቄት የተሸፈነውን ዘንግ ለባለቤቲቱ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

«የሸሪካቱ ዱባ ውሃማ ነው?»

«ውሃማ ነው» አለች ጎረቤቲቱ።

«ታዲያ ዘሩ የእኔ አይሆንማ።»

የማውቀውን ነገርኳት። የዘንድሮው ዱባ ሥጋው እንደ እናቱ ነው፤ ውስጡ ያለው ዘር ግን ግማሽ በግማሽ ነው። ተተክሎ ምን እንደሚወጣው ማንም አይናገርም።

«ዛሬ ዘር ስጠየቅ ይኼ ሁለተኛዬ ነው» አለች ጎረቤቲቱ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «አበባዋ ሳትዘጋ ወስኚ፣ ኻላስ፣ በቃ።»

ባለቤቲቱ ጎረቤቷን አየቻት። ድልድዩ ላይ የሆነውን አልነገርናትም፤ የገባት ይመስለኛል፣ ግን አልጠየቅኳትም። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ዘንጉን ተቀበለች።

«የጥሎሽ ከብት ሳታስቆጥሪ ልትድሪ?» አለቻት ጎረቤቲቱ።

«ጋዜጠኛው ሚዜ ነው፣ እሱን ጠይቂው።»

ዘንጉን ከሴቴዋ ጫፍ ላይ ሦስት ጊዜ አሽከረከረች። ሁለተኛውንም ደገመችበት። ከዚያ አበባዋን በክር ሸብ አደረገቻት።

ሰኞ ለውጥ የለም። ማክሰኞ ከከተማው ምዕራብ ተኩስ ተሰማ፤ ደውዬ ያረጋገጠልኝ ሰው የለም። ረቡዕ ወንድሟ መጥቶ የጉዞ ሻንጣ አስቀምጦ ሄደ። በየቀኑ ሁለቴ ሦስቴ ወደ ሐረጉ እሄድ ነበር፤ ደጋግሜ ስነካው ባለቤቲቱ አይታኝ «ትጥለዋለህ!» ብላ ጮኸችብኝ። ሐሙስ ፍሬው እንቁላል አከለ፤ አረንጓዴ ነበር።

እሑድ ሚያዝያ 19 ቀን፣ የዱባው አገዳ ደርቆ፣ ልጣጩ በጥፍር አልጫር ሲል፣ ቆረጠችው። ሥጋው ውሃ አላወጣም። ዘሩን አጥባ በጨርቅ ላይ አሰጣችው፤ ማታ ሁለት ቦታ ከፍላ በጋዜጣ ጠቀለለችና አንዱን ለጎረቤቷ ሰጠች። በማግስቱ ጠዋት ከወንድሟ ጋር ወደ ዩጋንዳ ድንበር፣ ወደ ኒሙሌ በሚሄደው መኪና ወጣች። ከድንበር በኋላ ስልኳ አልሠራም፤ የእሷ ድርሻ የት እንደተተከለ አላረጋገጥኩም።

ጎረቤቲቱ የራሷን ግማሽ በግንቦት መጀመሪያ ተከለች። ሰኔ 21 ቀን ግቢዋ ሄጄ ሐረጉን አየሁ። ቀድሞ የሚያብበው ወንዴው ነው። ማንም ያልቀጠፈው አራት አበባ ነበረው፤ አራቱም ወንዴ።