አማትና ምራት በቅርጫት ኳስ ሜዳ

እኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ይቆለፍ ነበር። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ከስልካቸው ቀና እንኳ ሳይሉ "እማዬ ደግሞ ጀመራት" ይሉኛል። እውነቴን ነው! ሀዋሳ አዲስ ከተማ፣ እኛ በነበርንበት መደዳ፣ ቴሌቪዥን ያለው እትዬ አስቴር ቤት ብቻ ነበር። እሱም በሩ ሁለት ተካፋች በሆነ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ሳጥኑ ዳንቴል ለብሶ፣ በቁልፍ ተቆልፎ ይከርማል። ቁልፏ በክር ታስራ እትዬ አስቴር አንገት ላይ ትውላለች። ሳጥኑ ሲከፈት ይወጣ የነበረው የቫርኒሽና የብል መድኃኒት ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

እሁድ ከጸሎት ቤት መልስ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድራማ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በርጩማውን ተሸክሞ ይገባል። ድራማው የአንድ ቤተሰብ ጉድ ነው። ከፊት የምትስቅ፣ ከኋላ የምትቆነጥጥ አማት አለች። የደረሰባትን ሁሉ ውጣ የምትቀር ዝምተኛ ምራት አለች። ሲናገር አገር የሚያቀና፣ ሲሠራ ግን ማንም አይቶት የማያውቅ ባለ ከረባት አጎት አለ። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ሌባው ሲመጣ እንቅልፍ የሚጥለው ዘበኛም አለ።

እትዬ አስቴር ድራማ ዝም ብለው አይተው አያውቁም። አማትየዋ በር ላይ ተለጥፋ ምራቷን ስትሰልል፣ እትዬ ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉና "አንቺ ልጅ፣ ከኋላሽ! ከኋላሽ ናት!" እያሉ ይጮኻሉ። ምራትየዋ አትዞርም። "አትሰማም እኮ፣ ምን ላድርግ!" ብለው ጭናቸውን ይመታሉ። አንድ ቀን እናቴ፣ "እትዬ፣ የተቀረጸ እኮ ነው" ብትላቸው፣ "ቢሆንስ? እያየሁ ዝም ልበል?" ብለው ተቆጡ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላረማቸውም። እንዲያውም እኛም አብረናቸው መጮህ ጀመርን።

ልጃቸው ትዕግስት ያኔ ኮሌጅ ነበረች። በሩን ጎንበስ ብላ የምታልፍ መለሎ፣ የኮሌጇ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ የእሷ ጭራ ነበርኩ። በዚያ ዓመት አራት ኮሌጆች በሴቶች ሲወዳደሩ አንድም ጨዋታ አላመለጠኝም። እትዬ ግን ልጃቸው ኳስ መጫወቷን እንጂ ምን ለብሳ እንደምትጫወት አያውቁም ነበር። የፍጻሜው ጨዋታ ሁለት ቀን ሲቀረው አንዲት የጸሎት ቤት እህት መጥታ፣ "ልጅሽ በቁምጣ ስትሮጥ አየኋት፤ ያውም ወንድ በተሰበሰበበት" ብላ ነገረቻቸው። እሳቸውም አልጮኹም፣ አልመቱም። የጨዋታው ዕለት፣ እሁድ ጠዋት፣ ማሊያዋንና ቁምጣዋን አንድ ላይ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፉት፣ አለቀ። በዚያ ቤት "አትሄጂም" የሚባለው እንዲህ ነው።

ትዕግስት ከጸሎት ቤት ተመልሳ ሳፋውን ስታይ ጓዳ ገብታ ተንሰቀሰቀች። የሚያስለቅስም ነበር። ከቡድኗ ሁለቱ ለተግባር ልምምድ ክፍለ ሀገር ወጥተው፣ እሷን ጨምሮ የቀሩት አምስት ብቻ ናቸው። እሷ ከቀረች በፎርፌ ይሸነፋሉ፤ ዓመቱን ሙሉ የሮጡበት ዋንጫ ያለ ጨዋታ ይሄዳል። እናቷን ደግሞ በምንም ተአምር ተከራክራ አታውቅም። ዝም ነው የምትለው።

አላስችል አለኝ። እትዬ ቧንቧው ጋ ተቀምጠው ያንኑ ልብስ ያሹታል። ሄጄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩና፣ "እትዬ፣ ዛሬ እኮ የሚጋጠሙት አማትየዋና ምራትየዋ ናቸው" አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

"የምን አማት ነው ደግሞ የምታወሪው?" አሉኝ፣ እጃቸው አረፋ ውስጥ እንዳለ።

ያን ጊዜ ለቀቅኩት። ሰማያዊዎቹ ባለ ከረባቱ አጎት ናቸው አልኳቸው፤ ማሊያቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ፣ ሲያሟሙቁ ብታዩአቸው ዋንጫው የነሱ ነው፣ ጨዋታ ሲጀመር ግን ወሬ ብቻ። ቢጫዎቹ ዘበኛው ናቸው፤ ሲመሩ ሲመሩ ቆይተው አምስት ደቂቃ ሲቀር ያንቀላፋሉ። እትዬ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። "ቀዮቹ ግን አማትየዋ ናቸው። ዳኛው ዞር ሲል ምራትየዋን በክርናቸው ጎን ጎኗን ይሏታል። ከዚያ ደግሞ 'እኔን! ወደቅሽ?' ብለው እነሱው ያነሷታል።"

"አረመኔ!" አሉ እትዬ። "ምራትየዋስ ምን ትላለች?"

"ምንም አትልም። ውጣው ትቀራለች። ምራትየዋ አረንጓዴዎቹ ናቸዋ፣ የነትዕግስት ቡድን።"

እጃቸው ቆመ። ማሊያውን ከአረፋው አውጥተው ትኩር ብለው አዩት። "ጎኗ ላይ ያለው ሰንበር ታዲያ..." አሉ። "ደረጃ ላይ ወደቅሁ ነበር እኮ ያለችኝ።" ማሊያውን አለቅልቀው፣ "ያዢ በዚያ በኩል" አሉኝና ሁለታችን ጠምዝዘን ጨመቅነው።

ትዕግስት እርጥቡን ለብሳ ሄደች። እኛ ልንወጣ ስንል ጎረቤቶቻችን በርጩማቸውን ይዘው ለድራማው ከች አሉ። እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በራቸውን ቆልፈው ቆመዋል። ያለፈው እሁድ ድራማው አማትየዋ የምራቷን ሻንጣ ደጅ ላይ ስትወረውር ነበር የቆመው፤ ሰው ሳምንቱን ሙሉ በጭንቀት ሲብሰለሰል ነው የከረመው። "እትዬ፣ ድራማውስ?" አሏቸው። "ድራማው ሜዳ ነው። ማየት የፈለገ ይከተለኝ" አሉ። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው፤ ሰው ምን ምርጫ አለው? እናቴም፣ ባለ ሱቁ ጋሽ ሸምሱም፣ ሚስታቸውም፣ ልጁም አሮጊቱም፣ በርጩማውን እንደተሸከመ በሐይቁ ንፋስ እየተገፋ ተከተለ። ብስክሌት የሚነዱት ሁሉ ልቅሶ ያለ መስሏቸው ቆመው ያሳልፉን ነበር።

ሜዳው ዳር በርጩማችንን ደረደርን። እትዬ መጀመሪያ ቁምጣውን ሲያዩ "ጌታ ሆይ!" ብለው በነጠላቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። በነጠላው ቀዳዳ ግን እያዩ ነበር፤ እኔ አጠገባቸው ነኛ! ብዙም ሳይቆይ የቀዮቹ ስምንት ቁጥር ትዕግስትን በክርኗ ብላ ጣለቻትና እየሳቀች እጇን ዘረጋችላት። "ያችውና! ያችውና አማትየዋ!" ብለው እትዬ ተነሱ። ነጠላው ወደቀ። ተመልሰውም አልተቀመጡም። መደዳው በሙሉ ተነስቶ ዳኛውን ጠመደው። ጋሽ ሸምሱ ሕጉን ሳያውቁ "አይቆጠርም!" ይላሉ፣ እናቴ ደግሞ "ንገሪያት እንጂ፣ ምላስ የለሽም?" እያለች ትዕግስት ላይ ትጮኻለች።

መጨረሻው ላይ አረንጓዴዎቹ በአንድ ነጥብ ተመርተው፣ የቀረው ትንፋሽ የምታህል ጊዜ ነበር። ትዕግስት ኳሱን እያነጠረች ወደ ቅርጫቱ ስትሄድ፣ ያች ስምንት ቁጥር ከጀርባዋ ድምፅ ሳታሰማ ደርሳ እጇን ሰደደች። ልጅቷ አላየቻትም። እትዬ ለድራማው እንደሚጮኹት፣ በዚያው ድምፅ፣ "ትዕግስት! ከኋላሽ! ከኋላሽ ናት!" አሉ።

ትዕግስት ዞር አለች። ኳሱን ወደ ሌላው እጇ አሻግራ ሸሸገችው፣ ስምንት ቁጥር አየር ዘግና አለፈች። ኳሱ ብረቱን ነክቶ፣ አመንትቶ፣ ገባ። ፊሽካ ተነፋ።

ምን ልበላችሁ! እልልታው ሐይቁ ድረስ ተሰምቷል። በርጩማ አናቱ ላይ ይዞ የሚጨፍር ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እትዬ ግን አልጨፈሩም። ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ፣ ያች ቁልፍ ላይ አድርገው፣ እንባቸው እየወረደ፣ "ሰማችኝ" ይላሉ። "ስንት ጊዜ ጮኼ ማንም ዞሮልኝ አያውቅም። የኔዋ ሰማችኝ!" ትዕግስት እየሮጠች መጥታ በዚያ እርጥብ ማሊያ ስታቅፋቸው ቁምጣው ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

የድራማው ምራት በዚያን ቀን ምን እንደሆነች እኛ መደዳ የሚያውቅ ጠፋ። በኋላ ከቤት መባረሯን ከሌላ ሰፈር ሰዎች ሰማን። እትዬ ግን "ኤዲያ! እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት፤ አሸንፋለች" ብለው ድርቅ አሉ።

አሁን እትዬ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ግድግዳቸው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፤ አይቆለፍም፣ ጣቢያው መቁጠሪያ የለውም፣ በርጩማ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን የለም። እኔም ቤት እንደዚያው ነው፤ አራት ሰው ሆነን አራት ስልክ እናያለን። ሳጥኑ ከተጣለ ዘመናት አልፈዋል፤ ቁልፏ ግን እስከ ዛሬ አንገታቸው ላይ ናት።

ትዕግስት ዛሬ እዚሁ ሀዋሳ የኮሌጅ ሴቶችን ታሠለጥናለች። ባለፈው እሁድ እትዬን በባጃጅ አሳፍሬ ጨዋታ ልናይ ሄድን። ለማንኛውም ብዬ በርጩማ ይዤላቸው ነበር። እንደተቀመጡ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "እስቲ ንገሪኝ መሲ፣ አማትየዋ የትኞቹ ናቸው?" አሉኝ። "ነጮቹ" አልኳቸው። ጨዋታው ተጀመረ። ማን ኳስ እንደያዘ፣ ማን ከማን ጀርባ እንዳለ የሚያዩ አይመስለኝም። ግን ድንገት ብድግ አሉና በዚያ በጥንቱ ድምፅ "ከኋላሽ! ከኋላሽ ናት!" ብለው ጮኹ። አሥሩም ልጆች ደንግጠው ዞር አሉ። ከሁሉም ቀድማ የዞረችው ግን አሠልጣኟ ነበረች።