ሱፍ የለበሰው አፋፍ

ከሄክላ ተራራ ግርጌ የምትኖረው ጎረቤቴ ሮድኒ መስኮቷ ፊት ለፊት አንድ ቸካል ተክላለች። አፈራችን እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ነው፤ ሣሩ አንዴ ከተገፈፈ ነፋስ እንደ ዱቄት ይዞት ይሄዳል። ሜዳዋን የሚበላው ገደል በየዓመቱ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ቤቷ ይጠጋል። «ቸካሉን የነካ ዕለት በጎቼን ሸጬ ከተማ እገባለሁ» ብላለች። ሮድኒ ደግሞ ካለች አለች ነው።

አንድ መስከረም ላይ በርች የሚባለውን የብርድ አገር ዛፍ ሦስት መቶ ችግኝ አፋፉ ላይ ተከልን። እኔም ቆፍሬያለሁ፤ ወገቤ ምስክሬ ነው። ግንቦት ላይ ሄደን ስናይ ችግኞቹ ሥሮቻቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተጋድመዋል። እርጥብ አመድ ውርጭ ሲመታው ከውስጡ እንደ መርፌ የቀጠነ በረዶ ይበቅላል፤ አንድ በአንድ ገፍቶ ያወጣቸው እሱ ነው። የአጥራችንን እንጨት እንኳ በየዓመቱ ሲነቅልብን እያየን አድገን፣ በባዶ መሬት ላይ የበረዶው ክረምት ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ መትከላችን! ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል።

ገደሉ ቸካሉ ጋ ለመድረስ አራት እርምጃ ቀርቶት ነበር።

«በይ ሻንጣሽን አዘጋጂ» አላት ወንድሟ ኦርኖልፉር።

«ሻንጣዬን አንተ ወስደህ መች መለስክ?»

ይህን ብላ ወደ በጎቹ ጋጣ ገባች። ስትመለስ ገዢ የማይነካውን፣ ከበጎች ሆድ ሥር የተሸለተ ቆሻሻ ሱፍ በጆንያ ተሸክማለች።

«በግ ያሞቀ መሬት አያሞቅም?» አለችን።

«ደግሞ ለአፈር ሹራብ ልትሠሪ?» አለ ኦርኖልፉር።

«ላንተ ከምሠራ ይሻላል። አፈር እጅጌው ረዘመ አይልም።»

በጋውን ሙሉ ሱፉን አነጠፍን፣ ድንጋይ ጫንንበት፣ የሣርና የበርች ዘር ከፍግ ጋር በተንንበት። ግማሹን ነፋስ ወስዶ የኦርኖልፉር አጥር ላይ ሰቀለው። «አጥሬ ብርድ አይፈራም አሁን» እያለ ለመንደሩ ሁሉ አወራ።

በዓመቱ ግንቦት ሮድኒ ተንበርክካ ሱፉን ገለጥ አደረገች። አፈሩ ለስላሳ ነው፤ የበረዶ መርፌ የለበትም። ሣሩ በሱፉ መሐል ሾልኳል፤ በሣሩ መሐል ደግሞ ጥፍር የማያህል ቅጠል ያላቸው የበርች ቡቃያዎች። ተነስታ ከገደሉ ጫፍ እስከ ቸካሉ በእርምጃ ለካች፦ እንደ አምናው አራት።

ኦርኖልፉርም በእርምጃው ለካ። «ሦስት ተኩል ነው።»

«እግርህ ረዝሞ ነዋ።»

በማግስቱ ሻንጣዋን መለሰላት። ስትከፍተው እስከ አፉ በእሱ በጎች ቆሻሻ ሱፍ ታጭቋል።