ባለዳክዬው መጽሐፍ

ባሌ ረታ ጨዋታ አዋቂ ነበር። ጋምቤላ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ ሰው ነው። ከጎሬ ወርደን መጀመሪያ አቦቦ፣ ኋላም እዚህ ከተማ አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጡረታ የወጣው ግን ከሥራው እንጂ ከወሬው አይደለም። ዳቦ ግዛ ብዬ ስልከው ዳቦው ደርቆ ነው ቤት የሚገባው፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሲያጫውት ይውላል። ስንቴ "ኧረ ጆሮዬን አሳርፈው" ብዬዋለሁ።

በፍልሰታ ሰሞን አንድ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ነፍሱ ተረፈች፣ ተመስገን። እግሩም ቀስ በቀስ መራመድ ጀመረ። ቀኝ እጁና አፉ ግን እምቢ አሉ። የሚነገረውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል፣ መልሱ ግን አይወጣም። ውሃ ሲፈልግ "እ... እ..." ይልና ላብ ያጠምቀዋል። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ችኩል ነኝና "ውሃ? ሻይ? ሬዲዮ ልክፈት?" እያልኩ ቃል አጎርሰዋለሁ። ይናደዳል፣ ከዚያ ጭጭ ይላል። ያ ዝምታ፣ እውነቴን ነው፣ ከበሽታው ይልቅ እኔን ገደለኝ።

በዚህ ላይ የአንድ ልጃችን የአቢጋኤል ሰርግ ለጥር ተቆርጧል። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሙሽራ ከቤቷ የምትወጣው የአባቷን ጉልበት ስማ፣ እሱም መርቋት ነው። አቢጋኤል ደግሞ አባዬ ካልመረቀኝ ሰርጉ ይቅር ብላ እርፍ አለች። የረታ ታላቅ ወንድም ጋሽ ጥዑመልሳን ከጎሬ ደውሎ፣ ግድ የለም፣ በሱ ፈንታ እኔ እመርቃለሁ አለ። ደግ ሰው ነው፣ ምርቃትም ያውቅበታል። ረታ ግን ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰም።

ሐኪሙ እንደ ሕፃን ቃል በቃል ይለማመድ ብሎን ነበር። ማን ያለማምደው? እኔ እንደሆንኩ ከጥድፊያዬ ጋር የትም አልደርስም። አንድ ቀን ግሬስ መጣች። አቦቦ ሳለን ያስተማራት የአኙዋ ልጅ ናት፤ አሁን ራሷ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ከቦርሳዋ ልጆቿ የሚማሩበትን የቃላት መልመጃ መጽሐፍ አወጣች። ሽፋኑ ላይ ቢጫ ዳክዬ አለች። ውስጡ በአንድ በኩል ሥዕል፣ በሌላ በኩል ቃል ነው፤ ሁለቱን በመስመር ማገናኘት፣ ነጠብጣቡን ተከትሎ መጻፍ፣ ከዚያ ጮክ ብሎ ማንበብ። ረታ ዳክዬዋን አየ፣ ግሬስን አየ፣ በግራ እጁ አንስቶ መጽሐፉን ወረወረው። ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ወደቀ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ግሬስ አልተቀየመችም። ሄዳ አነሳችው፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችና ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች። የአገሬው ልጆች በአማርኛ አንቱ ማለት አልለመደባቸውም፤ አክብሮታቸውን በድምፃቸው ነው የምታውቁት።

"ቲቸር፣" አለችው፣ "እኔ አንተ ክፍል ስገባ ሁሉ ነገር ሆዴ ውስጥ ነበረ፣ አፌ ላይ ግን አንድ አማርኛ የለም። ልጆች ሳቁ። አንተ ጠበቅከኝ። አሁን እኔ እጠብቃለሁ።"

ረታ እንባው ወረደ። ቆይቶ እጁን ዘረጋ፣ መጽሐፉን ሰጠችው።

ስትወጣ እኔንም በር ላይ አስጠነቀቀችኝ። እትዬ አበዛሽ፣ ቃሉን አትስጪው፣ ቢዘገይም ዝም ብለሽ ጠብቂው አለችኝ። ለሷ ቀላል ነው! እኔ ምላሴን እየነከስኩ ስንቱን ቻልኩት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳው ላይ እንቀመጣለን፤ እሱ ሥዕሉ ላይ ጣቱን ያደርጋል፣ እኔ ዓይኔን ማንጎው ላይ እተክላለሁ። ማንኪያ የሚለው ቃል ስንት ቀን እንደፈጀብን አትጠይቁኝ። አንዱ ገጽ ላይ የሱፍ ጓንት ተስሏል። ጓንት፣ በጋምቤላ ሙቀት! ረታ እሱን አይቶ፣ ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

እሑድ እሑድ ግሬስ መጽሐፉን ይዛ ባሮ ዳር ታወርደዋለች። ጀልባውን መጀመሪያ በሥዕል፣ ከዚያ ውሃው ላይ ታሳየዋለች። አንድ ቀን እኔም አብሬ ወርጄ፣ አንድ አጥማጅ መረቡን ሲጎትት ረታ ማንም ሳይጠይቀው "ዓሣ" አለ። ሰውየው ሊገዛ የፈለገ መስሎት ዋጋ ነገረው። እየሳቅን ገዛነው፣ የዚያን ዕለት እራታችን እሱ ሆነ።

ጥር ደረሰ። ረታ ቃል አለው፣ ግን ነጠላ ነጠላውን፤ ሁለቱን ማገጣጠም አይሆንለትም። ስለዚህ ጋሽ ጥዑመልሳን ካባውን ለብሶ፣ ምርቃቱን አሰናድቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው የረታን ጉልበት ሳሙ። ድንኳኑ ሙሉ እንግዳ ወደሱ ዞረ። ረታ አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ጋሽ ጥዑመልሳን ጉሮሮውን ጠርጎ ሊነሳ ሲል፣ እኔው ችኩሏ ካባውን ይዤ አስቀመጥኩት።

"ይጠበቅ" አልኩ።

ረታ "ቤት" አለ።

ከኋላ የግሬስ ድምፅ አሜን አለ። ረታ ቀጥሎ "ውሃ" አለ፤ አሁን ሁላችንም አሜን አልን። ላም አለ፣ አሜን። ጥላ አለ፣ አሜን። ዓሣ አለ፣ አሜን። ማንኪያ ሲል አንዱ ሚዜ ሳቅ አመለጠው፣ አሜኑ ግን ከፊተኛው ይልቅ ደመቀ። ማንኪያ የሌለው ቤት ደግሞ ምን ቤት ነው? የዳክዬዋን መጽሐፍ በሐሳቡ እየገለጠ እንደሆነ ያወቅነው እኔና ግሬስ ብቻ ነን።

ከዚያ ዝም አለ። ያለቀ መሰለኝ። የአቢጋኤልን ራስ በግራ እጁ እንደያዘ ብዙ ቆየና "ጨዋታ" አለ።

ያን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ። ሥዕል የሚወጣለት ነገር ብቻ ነው ያለበት፤ ጨዋታ የለበትም። እሱን ከራሱ ሆድ ነው ያወጣው። የተወሰደበትን ለልጁ መረቀላት።

ድንኳኑ በሙሉ አሜን አለ፣ እኔ ቀረሁ። ቃል ጠፍቶኝ የማላውቅ አበዛሽ፣ አፌን ከፍቼ አንድ አሜን አቃተኝ። ረታ ዞር ብሎ አየኝ። እስኪወጣልኝ ድረስ ጠበቀኝ።