ዊኒን የሞገታት ሰው

ዊኒ ትሬልፎል የተቀበረች ቀን ዝናብ ነበር። ቄሱ የትራም ባቡር ትኬት ቆራጭ እንደነበረች፣ ልጅ እንዳልወለደች፣ ደግ ጎረቤት እንደነበረች ተናገሩ። ስለ ፊደሎቹ ግን አንድም ነገር አላነሡም። እኔ የማውቃት በፊደሎቹ ነው።

እኛ የፍሊትዉድ ከተማ ጡረተኞች ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር ባለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰብስበን ስክራብል እንጫወታለን። አብዛኞቻችን ባል ወይም ሚስት ቀብረናል። ብሬንዳ ሻይና ብስኩት ታቀርባለች፤ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነን ሰሌዳ ፊት እንቀመጣለን። እያንዳንዱ ሰው ከከረጢቱ ሰባት ፊደል ያወጣል። ከእነዚያ ውስጥ የእንግሊዝኛ ቃል ፈልጎ ሰሌዳው ላይ መደርደር ነው።

እኔ የገባሁት ባሌ ዴሪክ በሞተበት ክረምት ነው። ዊኒ ወንበር ስባ «ቁጭ በይ ጆይስ፣ ፊደል አውጪ» አለችኝ። ስለ ዴሪክ አልጠየቀችኝም። ያን ጊዜ የሚያስፈልገኝም አለመጠየቅ ነበር።

በሥራ ዘመኗ፣ በክረምት ተሳፋሪ ሲጠፋ፣ በትራሙ መስኮት የሚያልፉትን የሱቅ ስሞች በሐሳቧ እየበታተነች ሌላ ቃል ትሠራባቸው ነበር። ፊደሎቿን ስታወጣ መጀመሪያ ከኤ እስከ ዜድ በተራቸው ታቆማቸዋለች። «እንደመጡ ከተውሻቸው ያሳስቱሻል፤ አሰልፈሽ ስትቆጪያቸው የደበቁትን ቃል ያወጡታል» ትለኝ ነበር። ሌላው ሰው «ኪችን» ብሎ ወጥ ቤት ያየበትን፣ እሷ ያንኑ ፊደል አገላብጣ «ቲክን» ብላ መረቅ ማወፈር ታደርገዋለች።

የጨዋታው ሕግ እንዲህ ነው። ማንም ያሰኘውን ቃል መደርደር ይችላል። ተጋጣሚው ከተጠራጠረ «እሞግታለሁ» ይላል፤ መዝገበ ቃላቱ ይገለጣል። ቃሉ ከሌለ ፊደሎቹ ይነሣሉ፣ የደርዳሪው ተራም ይቃጠላል። የሚሞግት ከጠፋ ግን የሌለው ቃል እንዳለ ተቆጥሮ ነጥቡ ይያዛል። ዊኒ ይህን ሕግ ትወደው ነበር። የሌለ ቃል ትደረድርና ወተቱን ጠጥታ እንደጨረሰች ድመት ጭጭ ብላ ትቀመጣለች። የሚይዛት ክሊፍ ሬድማን ብቻ ነበር፤ የዓሣ አስጋሪ መርከብ ሞተረኛ የነበረ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰውዬ።

«ዊኒ፣ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ከጭንቅላቴ። ያንተ ባዶ ስለሆነ ልትቀና ትችላለህ።»

«እሞግታለሁ።»

«ሞግት፣ ማን ከለከለህ! መነጽርህን ግን አጽዳው፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።»

እንዲህ ሲጣሉ ኖሩ።

ከዚያ መርሳት ጀመረች። አንድ ሰኞ ቀን በተቆለፈው የአዳራሽ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «ሰዉ ዛሬ ዘገየ» አለችኝ። ማክሰኞ ነገ መሆኑን ነግሬያት ወደ ቤቷ ወሰድኳት። ብዙም ሳይቆይ የምትደረድራቸው ቃላት መልክ አጡ። እነዚህ የቀድሞዎቹ ተንኮሎች አልነበሩም።

ብሬንዳ ወጥ ቤት ሰብስባን «ማንም እንዳይሞግታት። ምስኪን፣ ትደሰት እንጂ» አለችን። ሁሉም ተስማማ። ክሊፍ በዚያን ሰሞን ዓይኑን ሊታከም ሄዶ አልነበረም።

ዊኒ በየማክሰኞው ታሸንፍ ጀመር። ስታሸንፍ ግን አትስቅም፤ የሰዉን ፊት አንድ በአንድ ታያለች። አንድ ቀን ከብሬንዳ ጋር ስትጫወት ፊደሎቿን ደረደረችና እጇን ሰሌዳው ላይ አሳረፈች።

«ብሬንዳ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?»

«ጥሩ ቃል ነው የኔ ዓለም።»

«ምን ማለት ነው ነው ያልኩሽ።»

ብሬንዳ ሻይዋን ማማሰል ያዘች። ዊኒ ተነሥታ ካፖርቷን ለበሰች። «ሬሳ ላይ ነው እንዲህ ዝም የሚባለው» አለች። ከዚያ ትራሙ እስኪመጣ ድረስ መስኮቱ ሥር ብቻዋን ተቀመጠች። ዳግመኛ የምትመጣ አልመሰለኝም ነበር።

መጣች። ክሊፍም በዚያው ማክሰኞ አንድ ዓይኑ ተሸፍኖ መጣና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ዊኒ ፊደሎቿን ለመደርደር ብዙ ቆየች፤ እሱም ሳይቸኩል ጠበቀ። ስትጨርስ ሰሌዳው ላይ ጎንበስ ብሎ አየ።

«እሞግታለሁ።»

ጎናቸው ያሉት ሁሉ ዞረው አዩት።

«ክሊፍ!» አለች ብሬንዳ። «አታፍርም?»

«በምኑ ነው የማፍረው? ቃሉ የለም።»

ዊኒ ቀና አለች። «ፈልገው እስቲ፣ በአንድ ዓይንህ» አለችው።

ገጹን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ ፈለገ። አልነበረም። ዊኒ ፊደሎቿን ራሷ አነሣች። ጉንጯ ቀልቶ ነበር፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የድሮዋን ዊኒ አየሁ።

«ተራሽ ተቃጠለ» አላት።

«አውቃለሁ፣ አንተ ሽማግሌ። ሕጉን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።» ከዚያ እጅጌውን ያዘችው። «አንተ ግን ዝም እንዳትለኝ።»

«መቼ ዝም ብዬሽ አውቃለሁ?»

በሚቀጥለው ዓመት የአረጋውያን መኖሪያ አስገቧት። ክሊፍ ሰሌዳውን በፌስታል ይዞ እየሄደ ያጫውታት ነበር፤ እኔም አንዳንዴ አብሬው እሄዳለሁ። በመጨረሻ ስሙን ረሳችው። ፊደሎቹን ዘቅዝቃ ታስቀምጣለች፣ አንዳንዱን አፏ ልትከት ትሞክራለች። እሱ ግን ያንኑ ይላታል፦ «እሞግታለሁ፣ ዊኒ።» ፊደሎቹን መልሶ በእጇ ያስይዛታል፤ ከዚያ የራሱን ተራ ይጫወታል። አስታማሚዋ አንድ ቀን «ምን አለበት ቢሸነፉላት?» አለችው። እሱ ግን ከረጢቱን ወደ ዊኒ አስጠጋ። ዊኒም መናገር ትታ ነበር። ደስ ይላት እንደሆነ የማውቀው ነገር የለም።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው ማክሰኞ ክሊፍ ይመጣል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ብሬንዳ ሻዩን ስታቀርብለት ትከሻውን ዳበስ አደረገችው። ሰዉ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዴሪክን የቀበርኩ ሰሞን ዳቦ ቤት ስገባ የሰዉ ድምፅ እንዲሁ ዝቅ ይል ነበር።

ክሊፍ ፊደሎቹን ከኤ እስከ ዜድ በተራቸው አቆመ። ከዚያ አምስቱን ሰሌዳው ላይ ደረደረ።

እንዲህ የሚባል ቃል የለም። ጎናችን ያሉትም አይተዋል፤ ሁሉም ወደየሻያቸው አቀረቀሩ። ብሬንዳ ከኋላው ሆና በጭንቅላቷ «ተይው» የሚል ምልክት ሰጠችኝ። ክሊፍ እኔን እያየ ነበር።

«እሞግታለሁ» አልኩ።

መዝገበ ቃላቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። «ፈልጊው እስቲ።»

ፈለግኩ፤ አልነበረም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነሣ። የመጨረሻዋን ሲያነሣ እንባው ወረደ፤ አላበሰውም።

«ተራው ያንቺ ነው፣ ጆይስ» አለኝ።